ቡናማዋ ዙን

ትናንት መሳቢያ ሳጸዳ ከአሮጌ ቻርጀሮች ሥር ቡናማዋን ዙን አገኘኋት። ልጄ አየት አደረጋትና «ስልክ ትደውላለች?» አለኝ። አትደውልም፣ ሙዚቃ ብቻ ነው። ጥሎኝ ሄደ። እኔ ግን ሳገላብጣት ቆየሁ።

የገዛኋት በፈረንጆቹ 2006 መጨረሻ ነው፣ ማይክሮሶፍት ባወጣት በወሩ ገደማ። ያኔ ዲሲ ውስጥ ምድር ቤት ፓርኪንግ ሌሊት እሠራ ነበር፤ የፈረቃው ልጆች ክርክርም አንድ ነበር፦ ይቺ ነገር የአፕልን ማጫወቻ፣ አይፖድን፣ ትጥላለች ወይስ አትጥልም? እኔ ትጥላለች ባይ ነበርኩ። 250 ዶላር አውጥቼባት ሌላ ምን ልል ነው?

ደግሞ ዝም ብዬ አልነበረም። ስክሪኗ 3 ኢንች ነው፣ የዚያን ጊዜው አይፖድ 2.5። ኤፍኤም አላት። (ምድር ቤት ውስጥ ሽሽሽ ከማለት በቀር ምንም አይሰማም፣ ይሁን።) አይፖድን ያነገሠው ግን ዕቃው ብቻ አልነበረም። ከ2003 ጀምሮ ዘፈን በ99 ሳንቲም የሚሸጥ የራሱ ሱቅ ነበረው፣ እዚያ የተገዛ ዘፈን ደግሞ በሌላ ድርጅት ማጫወቻ ላይ አይከፈትም ነበር። መቶ ዘፈን የገዛ ሰው ዕቃ ልቀይር ካለ መቶውን ጥሎ ነው የሚሄደው፣ ማን ደፍሮ?

እኔን ይሄ አይነካኝም። ዘፈኖቼ በሙሉ ከሐበሻ ሱቅ የተገዙ ሲዲዎች ናቸው። ኮምፒውተሩ ስማቸውን ስለማያውቅ ትራክ 01፣ ትራክ 02 እያለ ይደረድራቸዋል፤ እኔ ከሥራ መልስ ዓይኔ እየተከደነ አንድ በአንድ በእንግሊዝኛ ፊደል እጽፋለሁ። ትዝታ ብቻ አምስት ስለነበረኝ ቁጥር ሰጠኋቸው። ከአይፖድ የሚነጠቅ ደንበኛ ካለ እንግዲህ እኔ ነኝ።

ልቤን የወሰደው ዋይፋዩ ነው። ዙን ከዙን ዘፈን ትላላካለች፣ አይፖድ አይሞክራትም። ይሄን ስሰማ ትዝ ያለኝ አዲስ አበባ ባዶ ካሴት ይዘን ስናስቀዳ ነው። ለካስ የተላከልህን ዘፈን 3 ጊዜ ወይም 3 ቀን ብቻ ነበር የምትሰማው፣ ከዚያ ይዘጋል። ከራስህ ሲዲ የገለበጥከው እንኳ ቢሆን። ካሴት ያዋሰህ ጓደኛ በሦስተኛው ቀን በርህ ላይ ቆሞ ሲጠብቅህ አስበው!

እሱም ቢሆን ሌላ ዙን ያለው ሰው ሲገኝ ነው። ፓርኪንጉ ውስጥ የነበረው ሦስት አይፖድ፣ የሽማግሌው አለቃችን ካሴት ማጫወቻና የኔዋ ብቻ። ልጆቹ «ላኪልን እንጂ!» እያሉ ያሾፉባት ነበር።

ወሬው ሳይበርድ ጥር 2007 ላይ የአፕሉ አለቃ ስቲቭ ጆብስ አይፎንን አሳየ። እኛ ማን ማንን ይጥላል ስንል አይፖድን የሚገድለው ከገዛ ቤቱ ወጣ። ዙን በ2011 ቆመች፣ አይፖድ እስከ 2022 አዘገመ። በ2008 የመጨረሻ ቀን ደግሞ 30 ጊጋባይት ዙኖች ባሉበት ድርቅ አሉ፤ ዓመቱ 366 ቀን መሆኑን ሰዓታቸው አልቻለውም። ጳጉሜን 6 ለምናውቅ ሰዎች ያስቃል። የኔዋ ያኔ መሳቢያ ገብታ ነበር።

አንዴ ብቻ፣ በሜትሮ ቀይ መስመር ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ስመለስ፣ በቅርብ ያሉ ሰዎችን የምታሳየው ገጽ ላይ የማላውቀው ስም ብቅ አለ። ቀና ብዬ ፉርጎውን ቃኘሁ፤ ነጭ የአይፖድ ኤርፎን፣ ነጭ ኤርፎን፣ የተኛ ሰውዬ። ከአምስቱ ትዝታዎች የቱን ልላክ እያልኩ ስመርጥ ባቡሩ ቆመ፣ በሩ ተከፈተ፣ ስሙም ጠፋ።