ማንን ፈልገሽ ነው?

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው የሄድኩት። ማንም አልላከኝም። ሥራም፣ የማውቀው ሰውም አልነበረኝም እዚያ። በየቀኑ ስመላለስ ከመኪና መስኮት የማየው ሰፈር ነው፣ ቆርቆሮ በቆርቆሮ ላይ የተደራረበበት፣ ከውጭ ሲታይ መግቢያው የት እንደሆነ እንኳን የማይለይ። "እዚያ እንዳትገቢ" እየተባልኩ ነው የኖርኩት። ስልክ ይነጠቃል ይባላል። ከመሸ ፖሊስም አይደፍረውም ይባላል። ይህን ሁሉ የነገሩኝ ሰዎች ግን አንዳቸውም ገብተው አያውቁም።

እና ልየው አልኩ። በቃ፣ ከዚህ የተለየ ምክንያት የለኝም።

ገብቼ መጀመሪያ ያስገረመኝ የመንገዱ ጥበት ነው። ከፊት ሰው ሲመጣ ሁለታችሁም በጎናችሁ ዞራችሁ፣ ጀርባችሁን ግድግዳ ላይ ለጥፋችሁ ነው የምትተላለፉት። መሃሉን የፍሳሽ ቦይ ይሄዳል፣ በላዩ ላይ እዚህም እዚያም ሳንቃ ተጥሏል። ከራስ በላይ የተሰጣ ልብስ ይንጠባጠባል። ከአንዱ ቤት ሬዲዮ ይሰማል፣ ከሌላው የሕፃን ለቅሶ፣ ከሦስተኛው የስፌት መኪና። ግድግዳው ስስ ስለሆነ ሁሉም ነገር መንገዱ ላይ ያለ ያህል ነው።

አንዲት አሥር ዓመት የሚሆናት ልጅ ሁለት ጀሪካን ውሃ ይዛለች። ሁለቱን አንድ ላይ ማንሳት አትችልም። አንዱን አሥር እርምጃ ያህል ትወስድና ታስቀምጠዋለች፣ ተመልሳ ሌላውን ታመጣለች፣ ከዚያ እንደገና የመጀመሪያውን። መንገዱን ሦስት ጊዜ ትሄደዋለች ማለት ነው። እኔ ቆሜ በቪዲዮ ቀረጽኳት። አንዱን ልያዝልሽ ማለት በዚያች ሰዓት ጭራሽ ትዝ አላለኝም። ከሁሉም የሚቆጨኝ ይሄ ነው፣ እስካሁን።

ትንሽ አለፍ ብዬ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ደጃፋቸው ላይ ጎንበስ ብለው ልብስ ያጥባሉ። ብርሃኑ ጥሩ ነበር። ሳልጠይቃቸው አነሳኋቸው። የስልኩን ድምፅ ሰምተው ነው መሰለኝ ቀና አሉ፣ እጃቸው እስከ ክርናቸው አረፋ ነው።

"ማንን ፈልገሽ ነው ልጄ?" አሉኝ።

ቁጣ የለበትም። ቤት የጠፋት እንግዳ መስያቸው ሊያሳዩኝ ነው። መልስ አጣሁ። ሰው ደጅ ላይ ቆሜ፣ ሰላም እንኳን ሳልላቸው፣ ማንንም አልፈልግም ይባላል?

"ኧረ ማንንም አይደለም እማማ፣ ዝም ብዬ ሰፈሩን ሳይ ነው" አልኩ።

ፊታቸው ወዲያው ተለወጠ። እጃቸውን ቀሚሳቸው ላይ ጠረጉ። "ለልኬት ነው?" አሉኝ። አልገባኝም። "ባለፈውም እንዲሁ ፎቶ ሲያነሱ ከርመው ነው ከታች ያሉትን ቁጥር የቀቡባቸው" አሉና በእጃቸው አሳዩኝ። እውነትም ሦስት ቤት ዝቅ ብሎ በሮቹ ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ተጽፏል። ሳልፍ አይቼዋለሁ፣ የቤት ቁጥር መስሎኝ ነበር። የሚፈርሱት ቤቶች ቁጥር ነው።

በዚህ መሃል ሁለት ወጣቶች ከጥግ ተነስተው ወደ እኛ መምጣት ጀመሩ። የሰማሁት ወሬ ሁሉ አንድ ላይ ትዝ አለኝ። ስልኬን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና "አይ፣ አይደለም፣ አይዞዎት" ብዬ በመጣሁበት ተመለስኩ። ለመሮጥ ትንሽ ነበር የቀረኝ። ዋናው መንገድ ላይ ስደርስ ልቤ ይመታል፣ እና እውነቱን ልናገር፣ አንድ ትልቅ ነገር የሠራሁ ያህል ደስ ብሎኝ ነበር። ማታ ለጓደኞቼ አወራሁላቸው። "አልፈራሽም?" አሉኝ። ፎቶውን አሳየኋቸው። "እንዴት ያምራል" አሉ።

እንቅልፍ የነሳኝ ግን የእኚያ እናት ጥያቄ ነው። ለልኬት ነው ወይ? እኔ ሽርሽር ነበርኩ። እሳቸው ግን ቤታቸውን ፎቶ የሚያነሳ ሰው ሲያዩ የሚያውቁት አንድ ነገር ብቻ ነው። አይደለሁም ብዬ በደንብ እንኳን ሳላስረዳ ጥያቸው ሄድኩ።

በዚያው ሰሞን ሌሎች ሰዎች ይህን ነገር እንዴት እንዳደረጉት ማንበብ ያዝኩ። አዲስ ነገር አይደለም ለካ። እንግሊዛዊው ደራሲ ቻርልስ ዲከንስ እ.ኤ.አ. በ1842 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ኒው ዮርክ ሄዶ ፋይቭ ፖይንትስ የሚባለውን የድሆች ሰፈር ያየው በሁለት ፖሊሶች ታጅቦ፣ በሌሊት፣ ሰው በተኛበት እየገባ ነው። ለንደን ውስጥም በ1880ዎቹ ሀብታሞች ወደ ምሥራቁ ድሃ ሰፈር ለማየት ብቻ መሄድ ፋሽን ሆኖ ነበር።

ከሁሉም በላይ የያዘኝ ግን የጄኮብ ሪስ ታሪክ ነው። በ1870 ከዴንማርክ ኒው ዮርክ የገባ ስደተኛ ነው። ማደሪያ አጥቶ ፖሊስ ጣቢያ ያደረበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ድህነትን በመስኮት ያየ ሰው አይደለም። በኋላ ጋዜጠኛ ሆነና በ1880ዎቹ መጨረሻ በጨለማ ፎቶ ለማንሳት የሚያስችል የሚቀጣጠል ዱቄት ሲመጣ፣ ያንን ይዞ ሌሊት ሌሊት ሰዎች ተጨናንቀው የሚተኙበት ክፍል ይገባ ጀመር። እስቲ አስቡት። ተኝታችኋል፣ በሩ ይከፈታል፣ እሳት ቦግ ይላል፣ ዓይናችሁን ስትገልጡ የማታውቁት ሰው ካሜራ ይዞ ቆሟል። በዚያ ዱቄት ሁለት ጊዜ የሰው ቤት፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ራሱን እንዳቀጣጠለ እሱው ጽፏል።

ግን ፎቶዎቹ ሥራ ሠርተዋል። ከተማዋ ማየት ያልፈለገችውን አሳዩአት። ሪስ አጥብቆ የታገለው ማልቤሪ ቤንድ የሚባለው ሰፈር እንዲፈርስ ነበር፣ ፈረሰም፣ በቦታው በ1897 መናፈሻ ተከፈተ። አየርና ዛፍ ገባ። እዚያ ይኖሩ የነበሩት ደግሞ ሌላ ቤት ፍለጋ ወጡ። ይህን ሳነብ እኚያ እናት ትዝ አሉኝ። ፎቶ፣ ከዚያ ቁጥር፣ ከዚያ ማፍረሻ። ፍርሃታቸው ከመሬት የተነሳ አይደለም። ፎቶ ያነሳው ሰው ክፉ ባይሆን እንኳን፣ ሪስ ደግሞ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ቤቱን የሚያጣው ግን በፎቶው ውስጥ ያለው ሰው ነው።

ሌላው ኬኔዲ ኦዴዴ ነው። ናይሮቢ፣ ኪቤራ በሚባለው የድሆች ሰፈር ነው ያደገው፣ ዛሬ እዚያው ትምህርት ቤትና ክሊኒክ ያቋቋመ ድርጅት መሥራች ነው። 16 ዓመቱ ላይ ቤቱ ደጃፍ ዕቃ ሲያጥብ፣ ያውም እህል ከቀመሰ ሁለት ቀን ሆኖት፣ አንዲት የውጭ አገር ሴት ድንገት ፎቶ አነሳችው። አፉን ሳይከፍት ሄደች። ፍርግርግ ውስጥ እንደተዘጋበት ነብር ሆኖ እንደተሰማው በ2010 ጋዜጣ ላይ ጻፈ። ደጃፍ ላይ የሚያጥብ ሰው፣ ፎቶ፣ ከዚያ ዞሮ መሄድ። ያቺ ሴት እኔ ነኝ። በዓመትና በአገር ካልሆነ በምንም አንለያይም።

ድሃ ሰፈር የሚያስጎበኙ ሁሉ እንዲህ ናቸው አልልም። ሙምባይ ውስጥ ዳራቪን ከ2006 ጀምሮ የሚያስጎበኝ ሪያሊቲ ቱርስ የሚባል ድርጅት አለ፣ እንግዳው ፎቶ ማንሳት አይችልም፣ ከትርፉ 80 በመቶው ለአካባቢው የትምህርትና የጤና ሥራ ይውላል። የሚያሳዩትም በአብዛኛው ሥራ ነው፦ ፕላስቲክ ሲለቀም፣ ቆዳ ሲፋቅ፣ ሸክላ ሲሠራ። ኮሎምቢያ፣ ሜደሊን ከተማ ውስጥ ኮሙና 13 የሚባለው፣ በአንድ ወቅት በተኩስ ይታወቅ የነበረው ተራራማ ሰፈር፣ በ2011 ከቤት ውጭ የሚሠራ ተንቀሳቃሽ ደረጃ ተተክሎለት ዛሬ የሰፈሩ ልጆች ራሳቸው ታሪካቸውን እየነገሩ ያስጎበኛሉ። ይህ ከእኔ ይሻላል፣ ያውም በብዙ። ቢያንስ እንግዳው ማን እንደሆነ፣ ለምን እንደመጣ ሰፈሩ ያውቃል። ልጁም የራሱን ታሪክ የሚናገረው በራሱ አፍ ነው፣ ደስ ያላለውን ይዘለዋል።

የማወቅ ጉጉቴን አልጠላውም። በአንድ ከተማ እየኖርኩ ጎረቤቴ እንዴት እንደሚኖር አለማወቅስ ይሻላል? አይመስለኝም። ያበላሸሁት ሌላ ነው። ሌላ ቦታ ሁሉ ሰው ቤት ደጃፍ ስደርስ ሰላም እላለሁ፣ ማን እንደሆንኩ እናገራለሁ፣ ሲጠይቁኝ እመልሳለሁ። እዚያ ስገባ ይህን ሁሉ ዋናው መንገድ ላይ ጥዬው ገባሁ። ማየት ብቻ ፈለግኩ። እንዲያዩኝ ግን አልፈለግኩም።

ፎቶውን አጠፋሁት፣ የልጅቷንም ቪዲዮ። በሁለተኛው ሳምንት ቅዳሜ ተመልሼ ሄድኩ። ስልኬን ቦርሳዬ ውስጥ አድርጌ፣ ያገኘሁትን ሁሉ ሰላም እያልኩ። እነዚያ ሁለት ወጣቶች እዚያው ጥግ ነበሩ። አንደኛው "እትዬን ነው?" ብሎ ራሱ መርቶ አደረሰኝ። ያን ቀን የመጡት እነሱም ልኬት መስሏቸው መቼ እንደሆነ ሊጠይቁኝ እንደነበር መንገድ ላይ ነገረኝ።

እናትየው አወቁኝ። "ደህና ዋሉ እማማ፣ ባለፈው አስደንግጬዎት ነው፣ ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት፣ ከየትም ቢሮ አይደለሁም" አልኳቸው። ትክ ብለው አዩኝ።

"ታዲያ ያኔ አትዪኝም ነበር?" አሉ። "ሁለት ቀን ሙሉ ወረቀት ስፈልግ ነው የሰነበትኩት።"

ገብተው ከፍራሻቸው ሥር አንድ ፌስታል አወጡ። ውስጡ የውሃ ደረሰኝ፣ የልጆቻቸው የክትባት ካርድ፣ ማኅተሙ የደበዘዘ አንድ ደብዳቤ። እዚያ ቤት መኖራቸውን የሚያስረዳ ያላቸው ወረቀት ሁሉ፣ በዓመት በዓመት ተደርድሮ። የአንዱ ደረሰኝ ቀን አልታይ ብሏቸው ሰጡኝ፣ አነበብኩላቸው። ሌላውንም ሰጡኝ። አንድ በአንድ አነበብኩላቸው፣ እሳቸውም መልሰው ደረደሩት።

ሲጨርሱ ፌስታሉን ቋጠሩት። ፍራሹ ሥር ይመልሱታል ብዬ ስጠብቅ፣ በሩ አጠገብ ካለው ምስማር ላይ ሰቀሉት። "ለማንኛውም ቅርብ ይሁን" አሉ።