ላሟም ስትጾም

ኅዳር 12፣ ማታ። ደብረ ብርሃን።

ሚካኤል ነግሦ ገባ። ኅዳር ሲታጠን የዋለው ጭስ ገና ከግቢው አልወጣም፤ በላዩ የውርጩ ብርድ ወርዷል። ከሦስት ቀን በኋላ ጾመ ነቢያት ይገባል፣ እስከ ገና 44 ቀን። ወተት ሸጦ ለሚያድር ቤት ጭንቀቱ የሚጀምረው በዚህ ሳምንት ነው። ደንበኛው ይጾማል፣ ላሟ ግን ጠዋትም ማታም ትታለባለች።

ብዙ ሰው ጾሙን እንደ ኪሳራ ሲያነሳው እሰማለሁ፤ አልስማማም። ረቡዕና ዓርብ ከዓመት ዓመት አሉ፣ ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል። ፋሲካ ብቻ ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ይዞራል፣ እሱም ቢሆን በባሕረ ሐሳብ ቀድሞ ይታወቃል። ቀኑ የተቆረጠ ነገር እንዴት ዱብ ዕዳ ይሆናል?

የላሟን ቀን ከዚህ ጋር ማስማማት ይቻላል። ላም የምታረግዘው 9 ወር ከ10 ቀን ያህል ነው፤ ከመውለዷ በፊት ደግሞ 60 ቀን ያህል ሳትታለብ ማረፍ አለባት። ፋሲካ ሚያዝያ 10 ቢውል፣ ሐምሌ መጀመሪያ ላይ በኮርማ የተጠቃች ላም ፋሲካ አካባቢ ትወልዳለች። የምትደርቀው የካቲት 10 ገደማ ነው፣ ዐቢይ ጾምም የካቲት 15 ይገባል። ሰዉ ከወተት ሲከለከል እሷም ጡቷን ታሳርፋለች። ከወለደች በኋላ ወተቷ ከፍ የሚልበት ጊዜ በዓለ ሃምሳ ላይ ይወድቃል፣ ረቡዕና ዓርብ እንኳ በማይጾምበት ወቅት። ይህን ስምምነት ባሰብኩት ቁጥር ልቤ ይሞላል።

ግን ሁሌ አይሳካም። በሐምሌ ካልያዘች ቀጣዩ ዕድል ከ21 ቀን በኋላ ነው፣ ሁለት ጊዜ ካመለጠ ሐሳቡ ሁሉ ይንሸራተታል። ማድረቁም ትዕግሥት ይጠይቃል። መጀመሪያ ፉርሽካውና ፋጉሎው ይቀነሳል፣ ከዚያ በቀን ሁለት ጊዜ የነበረው አለባ አንድ ጊዜ ይሆናል፣ በሳምንት ውስጥ ይቆማል። ብዙ የምትታለብን ላም መኖዋ ሳይቀነስ በአንድ ቀን ማቆም ጡት ያሳብጣል፤ ጡቷ ከሞቀ፣ ከቀላ ወይም ከጠጠረ የእንስሳት ሐኪም መጥራት ነው። «ጥቂት ብታስገኝም ትታለብ» ብሎ እስክትወልድ የሚያልብ ሰው ደግሞ እንገሩን ያሳጣል፣ በጥጃው ይቀጣል። ስስት እዚህ ላይ ቶሎ ትታያለች።

ሚያዝያ ሣር የሌለበት ወቅት መሆኑም አይረሳ። ለዚያ ጊዜ የሚሆነው ድርቆሽና የገብስ ጭድ የሚከመረው አሁን፣ በኅዳር ነው።

በጾሙ የሚተርፈው ወተት ወደ ቅቤ መሄድ አለበት። አይብ ቢያወጡ የሚበላው የለም፣ አይቆይምም። ለአንድ ኪሎ ቅቤ እንደ ወተቱ ስብ 20 ሊትር ያህል ይፈልጋል። በደብረ ብርሃን ብርድ ወተቱ እስኪረጋ 3 ወይም 4 ቀን ይፈጃል፤ በወይራ በታጠነ ገንቦ ከሆነ ሽታውም ያምራል። ሲገፋ በጣም ከቀዘቀዘ ቅቤው አይሰበሰብም፣ በጣም ከሞቀ ደግሞ ነጭና ልል ሆኖ ስቡ ከአሬራው ጋር ይቀራል። ከ15 እስከ 18 ዲግሪ ይበቃዋል። የሚቸኩልን ሰው የሚያሳስተው እሳት ነው፤ ገንቦውን ምድጃ አጠገብ አስቀምጦ መርሳት የሦስት ቀን ድካም ያበላሻል። ቅቤው ከወጣ በኋላ ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ ሁለት ሦስት ጊዜ በቀዝቃዛ ውሃ መታሸት አለበት። አሬራ ውስጡ የቀረ ቅቤ የገና በዓል ሳይደርስ ይሻግታል፣ ውሃ ውስጡ የቀረ ደግሞ ሚዛን ላይ ይከብዳል። የመጀመሪያው የእጅ ድክመት ነው። ሁለተኛው ግን ታውቆ ከተተወ ስርቆት ነው፤ ገዢዋ ድስት ላይ ስታነጥረው ሲንጣጣ ትሰማዋለች።

ስለ ወተት መለኪያውም ይህን ልጻፍ። ውሃ መግባቱን በወተቱ ክብደት የሚለየው መሣሪያ፣ ላክቶሜትር፣ ጥሩ ወተት ላይ 30 አካባቢ ያነባል። ከአሥር አንድ እጅ ውሃ ሲገባ ወደ 27 ይወርዳል። ስቡ የተገፈፈ ወተት ግን ወደ 36 ይወጣል፤ ስለዚህ ስቡን ገፍፎ ውሃ የጨመረ ሰው መለኪያው ላይ ንጹሕ ሆኖ ይቆማል። ሙቀትም ያሳስታል። መሣሪያው በ20 ዲግሪ የተሠራ ከሆነ፣ በእያንዳንዱ ዲግሪ ልዩነት 0.2 ያህል ይዛነፋል። አሁን የታለበ ትኩስ ወተት ሦስት ነጥብ ያህል ዝቅ ብሎ ያነባል፣ ውሃ ያልነካች ሴት ሌባ ተብላ ትመለሳለች። በውርጭ ያደረ 8 ዲግሪ ወተት ደግሞ ከሁለት ነጥብ በላይ ከፍ ይላል፣ የገባበትን ውሃ ይሸፍናል። ተቀባዩ መጀመሪያ ሙቀቱን ይለካ፣ ከዚያ ይፍረድ። ሻጩ ግን ከመሣሪያው በላይ የሚያየውን ያውቃል፤ አባይ ሚዛን በቅቤም በወተትም ያው አባይ ሚዛን ነው።

ገንዘቡን በተመለከተ አሥራት ላይ ብዙ ሰው ይደናገራል። ለምሳሌ የቀኑ ሽያጭ 600 ብር፣ መኖው 350፣ መጓጓዣውና ጉልበቱ 50 ቢሆን፣ የተረፈው 200 ነው፤ አሥራቱ 20። ከሽያጩ ላይ 60 አውጥቶ በማግስቱ ፋጉሎ በዱቤ የሚወስድ ሰው ከሌላው ሰው ገንዘብ ነው የሰጠው። ልቡ ለበለጠ የተነሣሣ ከራሱ ድርሻ ይጨምር፣ የከበደው የንስሐ አባቱን ይጠይቅ። እቁብም የሚገባው በበዓለ ሃምሳ ገቢ ልክ ሳይሆን በጾም ገቢ ልክ ነው፤ ካልሆነ መጋቢት ላይ ዋሱ ያፍራል።

የእሑድ አለባም የሚያስጨንቃቸው አሉ። ሌሊት 11 ሰዓት ታልባ፣ ወተቱ ተከድኖ፣ ቅዳሴ ይደረሳል። ሕፃናት ያሉባቸው ቤቶች፣ አራሶች፣ ሙስሊም ጎረቤቶች በጾሙም ወተት ይፈልጋሉ፤ የነሱን ስምና ሊትር ዛሬ ማታ ደብተር ላይ ማስፈር ይገባል፣ የቀረው ስንት ገንቦ እንደሚሆን የሚታወቀው ከዚያ በኋላ ነው። ወይራውም ገና አልተፈለጠም።