ያማረው ሰሊጥ

መስከረም ሲጋመስ በመተማ የሰሊጥ ማሳ ውስጥ የሚያልፍ ሰው ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው የታመመው ተክል ላይ ነው። ሌላው ቅጠሉን እያረገፈ ወደ ቢጫነት ሲያደላ፣ እሱ አናቱ ላይ ጥቅጥቅ ያለ ቅርንጫፍ አብቅሎ፣ ሰኔ ላይ ያለ ይመስል ለምልሞ ይቆማል። አላፊ አግዳሚው ያደንቀዋል። ከዚያ የለመለመ አናት ግን አንዲት የሰሊጥ ፍሬ አይገኝም።

የተማርኩት የእጽዋት ጥበቃ ነው፤ እንጀራዬም ከዚሁ ነው። አጎቴ ደግሞ ከገንዳ ውኃ ከተማ ወጣ ብሎ ሰሊጥ ያርሳል። ከእሱ ጋር ዘወትር የሚያከራክረን ይኸው ተክል ነው። «አንተ ልጅ፣ ድር የሚያደራውን ትል ትተህ እንዲህ ያማረውን ነው ንቀል የምትለኝ?» ይለኛል። የእሱንም ጭንቀት አልንቅም። ትሉ በዓይን ይታያል፤ አበባውን ከቅጠሉ ጋር በድር አጣብቆ ሲበላ ማንም ያየዋል። ይህኛው በሽታ ግን መልኩ የጥጋብ ነው።

ጤነኛ የሰሊጥ አበባ እንደ ትንሽ ደወል ሆኖ ወደ ታች የተንጠለጠለ፣ ነጭ ሆኖ ወይን ጠጅ የነካካው ነው። የታመመውን ቀጥፌ በጥፍሬ ስሰነጥቀው መልከ ብዙ አረንጓዴ ነገር አገኛለሁ። ነጭ መሆን የነበረበት ወፍሮ ጅማት አውጥቷል። ወንዴው ክፍል ጠፍጥፎ ቅጠል መስሏል። መሐል ላይ ፍሬ ሊቋጥር የሚገባው ክፍል ተመዝዞ ሌላ ቀንበጥ ሆኗል፤ ከዚያም ቀንበጥ ላይ ሌሎች ጥቃቅን ቅጠሎች ይወጣሉ። ሰሊጥ ከታች ወደ ላይ እያበበ ስለሚሄድ ግንዱን እንደ ቀን መቁጠሪያ ማንበብ ይቻላል። ከታች ያሉት የፍሬ ከረጢቶች ሙሉ ከሆኑና ከወገቡ በላይ ያለው ብቻ አረንጓዴ ከሆነ በሽታው ዘግይቶ ነው የገባው። ከሥር ጀምሮ አረንጓዴ ከሆነ ግን ገና በለጋነቱ ተይዟል፤ ከእሱ ምንም አይጠበቅም። አንዳንዴ ከረጢቱ ተሰንጥቆ ፍሬው እዚያው እናቱ ላይ እንዳለ በቅሎ ይገኛል። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሰው ሳያማትብ አያልፍም።

ይህን ሁሉ የሚሠራው ፋይቶፕላዝማ የሚባል ባክቴሪያ ነው። የሕዋስ ግድግዳ የለውም፤ መኖሪያውም ተክሉ ስኳሩን የሚያመላልስበት ቧንቧ ውስጥ ነው። ለረጅም ጊዜ ቫይረስ ነው ሲባል ቆይቶ፣ በ1967 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ ዮጂ ዶይና ባልደረቦቹ የቀጨጨ የእንጆሪ ዛፍ (የሐር ትል የሚቀለብበትን) በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመረምሩ ማንነቱ ተገለጠ። በዚያው ዓመት የታመሙት ዛፎች ቴትራሳይክሊን ሲሰጣቸው አገግመው ታዩ። አዎ፣ እናቶቻችን ለዓይን ሕመም የሚቀቡን የዚያ ቅባት መድኃኒት ነው። ፔኒሲሊን ግን ምንም አያደርገውም፤ ፔኒሲሊን የሚያጠቃው የባክቴሪያን ግድግዳ ነው፣ እሱ ደግሞ ግድግዳ የለውም። ቴትራሳይክሊኑም ቢሆን ሲቋረጥ በሽታው ይመለሳል። ስለዚህ ለሰሊጥ ማሳ መድኃኒት አለኝ የሚል ነጋዴ ቢመጣ ሻይ ጋብዞ መሸኘት ነው። ባለፈው አንዱ ለአጎቴ የፈንገስ መድኃኒት ሊሸጥለት ሲል እኔው ነኝ የሸኘሁት፤ ሻዩንም አልጋበዝኩትም።

በሽታውን ከተክል ወደ ተክል የምታደርሰው ጥቂት ሚሊ ሜትር የምትረዝም፣ ቅጠል ሲነካ ዘላ የምትጠፋ መጣጭ ነፍሳት ናት፤ እኛ ባለሙያዎች ጃሲድ የምንላት ዓይነት። ከታመመው ስትመጥ ባክቴሪያው ሆዷ ውስጥ ይገባል፣ ይራባል፣ እስከ ምራቋ እጢ ይደርሳል። ይህ ሳምንታት ይፈጃል፤ ከዚያ በኋላ ግን ዕድሜዋን ሙሉ ታስተላልፋለች። አረንጓዴውን አናት አይቶ ለመርጨት የሚሮጥ ሰው እንግዲህ የሚሮጠው ካለፈ በኋላ ነው።

እኔን በጣም የሚገርመኝ ተንኮሉ ነው። እንግሊዝ አገር ኖሪች ያሉ ተመራማሪዎች በ2014 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ በሌላ ተክል ላይ ያጠኑት ፋይቶፕላዝማ የሚያመነጨው አንድ ፕሮቲን አበባን የሚሠሩትን የተክሉን ፕሮቲኖች በተክሉ በራሱ ማስወገጃ ያስፈጫቸዋል። አበባው ቅጠል ይሆናል፤ መጣጯ ነፍሳትም ያንን ተክል ከሌላው አስበልጣ ትመርጣለች። ተክሉ ለራሱ ዘር መሥራቱ ቀርቶ የባክቴሪያው መጫኛና ማራገፊያ ሆኗል ማለት ነው።

ጉዳት የማይመስልበትም ቦታ አለ። በአዲስ አበባ ግቢዎች ጣሪያ አልፎ የሚያድገው፣ አናቱ ላይ ቀይ ቅጠል የሚያወጣው ፖይንሴቲያ፣ አውሮፓና አሜሪካ ለገና የሚሸጠው ግን ድንክ ሆኖ በብዙ ቅርንጫፍ የተሞላ ነው። ያንን ቅርንጫፍ የሚያበዛው ፋይቶፕላዝማ መሆኑ በ1997 እ.ኤ.አ. ታውቋል። ሰው በሽታውን ገዝቶ ሳሎኑ ውስጥ ያስቀምጣል! የዝሆን ሳር ተክለው ላም የሚቀልቡ ሰዎች ግን እንዲህ አልታደሉም፤ ሳሩ ሲያዝ ይቀጭጫል፣ ይቢጫል፣ ቁራጩን ለጎረቤት የሰጠ ሰውም በሽታውን አብሮ ይሰጣል።

ወደ አጎቴ ልመለስ። መንቀሉ ለምን እንደሚከብደው ሳየው ቆይቻለሁ። አንደኛው ገንዘብ ነው፤ የቀን ሠራተኛ ለአረም ተቀጥሮ ሥራውን ሲጨርስ አበባ ገና አልወጣም፣ በሽታው ደግሞ የሚለየው በአበባ ነው። ለዚህ ብሎ ድጋሚ ሰው መቅጠር አይዋጥለትም፤ ልክ ነው። ግን በአበባ ወቅት ትሉን ለማየት ማሳው ውስጥ መግባቱ አይቀርም። እንግዲህ የተስማማነው በዚያው እግሩ አበባው አረንጓዴ የሆነበትን እየነቀለ በጆንያ እንዲያወጣና ከማሳው ርቆ እንዲቀብር ነው። አጨዳ ሲደርስ መንቀል ልፋት ብቻ ነው፤ ነፍሳቷ ሥራዋን ጨርሳለች። ካጨደ በኋላ ግን ወድቆ የበቀለውን ሰሊጥ ማጥፋት አለበት፤ መጪው ክረምት እስኪደርስ በሽታው የሚጠለልበት አረንጓዴ ነገር ባነሰ ቁጥር ይሻላል።

ወሰን ላይ ያለው ጎረቤቱ እስካሁን አልነቀለም። አጎቴ ሄዶ ሊነግረው ነው፤ እኔ ብሄድ «የመንግሥት ሰው መጣ» ተብሎ ቡና ብቻ ጠጥቼ እመለሳለሁ።