የባኞ ቤት ፍሳሽ፦ ሴራሚክ ከመነሳቱ በፊት ጥፋቱን መለየት

ከታች ባለው ቤት ጣሪያ ላይ እርጥበት በታየ ቁጥር የመጀመሪያው ምክር «ሴራሚኩ ይነሳ» ነው። አይቸኮል። የትኛው ሥራ እንደተበላሸ ምንም ሳይፈርስ በአንድ ሁለት ቀን መለየት ይቻላል፤ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ደግሞ ጎረቤትም ስለሚነካ ይህ ይበልጥ ያስፈልጋል።

ቁልፉ ውሃው የሚወርድበት ሰዓት ነው። ማንም ሳይታጠብ ቀንና ሌሊት የሚንጠባጠብ ከሆነ ጥፋቱ ውሃ በሚያመጣው የፒፒአር (በሙቀት የሚበየድ የፕላስቲክ ቧንቧ) መስመር ላይ ነው። ውሃ ሲደፋ ወዲያው ከወረደ የፍሳሽ ቧንቧውን ጠርጥሩ። ሰው ታጥቦ ከወጣ ከሰዓታት በኋላ ቀስ እያለ የሚመጣ ከሆነ ግን ከሴራሚኩ ሥር ውሃ መከላከያ አልተቀባም፤ ወይም ጥግ ላይ ተሰንጥቋል።

ለፒፒአሩ በቆጣሪ መለካት ጥሩ ነበር፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ግን አያስተማምንም። ሮቶው ላይ የውሃውን ከፍታ ምልክት አድርጉ፣ ገቢውን ዝጉ፣ 6 ሰዓት ጠብቁ። ወርዱ 1.1 ሜትር በሆነ ሮቶ 1 ሴ.ሜ መቀነስ 10 ሊትር ያህል ነው። የሽንት ቤት መቀመጫውን ታንክ ቫልቭ መዝጋት አይረሳ፤ ጎማው የሚያሳልፍ ከሆነ ውጤቱን ያሳስታል። የሮቶ ግፊት ደካማ ነው፤ ከ6 ሜትር ከፍታ የሚወርድ ውሃ 0.6 ባር ብቻ ስለሆነ ጥቃቅን ቀዳዳ ሊሸሽግ ይችላል። ከተጠራጠራችሁ በእጅ ፓምፕ 10 ባር ሞልታችሁ አንድ ሰዓት ተዉት። ፕላስቲኩ ስለሚለጠጥ የግፊት መለኪያው መርፌ መጀመሪያ ትንሽ ይወርዳል፤ እንደገና ተሞልቶም ከወረደ መገጣጠሚያ ያፈስሳል ማለት ነው። ቦይለሩ አስቀድሞ ከመስመሩ ይለያይ፤ የደህንነት ቫልቩ 8 ባር ገደማ ላይ ይከፈታል።

መገጣጠሚያው የሚበላሸው በብየዳው ነው። ማሽኑ 260 ዲግሪ፣ 20 ሚ.ሜ ቧንቧ 5 ሰከንድ፣ 25 ሚ.ሜ 7 ሰከንድ። ከዚያ በላይ ሲቆይ የቀለጠው ወደ ውስጥ ተጠቅልሎ መንገዱን ያጠብባል፤ ሻወሩ ብቻ ደክሞ ላቫንዲኖው ጥሩ ሲሄድ ይህን አስቡ።

ለፍሳሽ ቧንቧው ወለሉን ሳታረጥቡ 20 ሊትር ውሃ በጎማ በቀጥታ ወደ ማፍሰሻው ውስጥ ልቀቁ። ታች እርጥበት ከታየ ጥፋቱ የፍሳሽ ቧንቧው ነው። ካልታየ ማፍሰሻውን በጨርቅና በላስቲክ ድፈኑና ወለሉ ላይ 2 ሴ.ሜ ውሃ አቁማችሁ 24 ሰዓት ጠብቁ፤ ከበሩ ደፍ እንዳያልፍ ብቻ ተጠንቀቁ። ታች እርጥበት ከታየ የወለሉ ውሃ መከላከያ ነው። ግራውት (በሴራሚኮቹ መካከል ያለውን መሙያ) መቀየር መፍትሔ አይሆንም፤ ተራ የሲሚንቶ ግራውት ውሃ ያሳልፋልና። (ይህን የጥገና ዘዴ የሚሸጡልን ብዙ ናቸው።)

እዚህ ደረጃ ከተደረሰ ሴራሚኩ ይነሳል። መከላከያው ሁለት እጅ ይቀባ፤ ሁለተኛው የመጀመሪያውን እያቋረጠ። ጥጉና የማፍሰሻው ዙሪያ በመረብ ይጠናከር፣ ግድግዳው ላይ ቢያንስ 15 ሴ.ሜ፣ ሻወሩ ጋ እስከ 2 ሜትር ይውጣ። የ24 ሰዓቱ ፈተና ሴራሚክ ሳይደረደር ይደገም። ዝንባሌው በሜትር ከ1.5 እስከ 2 ሴ.ሜ ወደ ማፍሰሻው ይሁን፤ ሊሾው ላይ ሳይያዝ ቀርቶ ሙጫ በማወፈር የሚስተካከል ዝንባሌ ዋጋ የለውም።

ሴራሚኩን በሳንቲም አንኳኩት። ባዶ ድምፅ የሚሰጠው በአራት ጥጉ ሲሚንቶ ጣል ተደርጎ የተለጠፈው ነው። ፖርሰሊን ደግሞ ውሃ ስለማይመጥ ተራ የሲሚንቶ ቡኮ አይይዘውም፤ የሴራሚክ ሙጫ በባለ ጥርስ ማንካ፣ በካሬ 5 ኪሎ ገደማ ይፈልጋል።

ከእጅ ዋጋው 10 በመቶው ከሁለተኛው የውሃ ፈተና በኋላ እንዲከፈል ሥራው ሳይጀመር በጽሑፍ ይስፈር፤ ሴራሚክ ሠራተኛውና ቧንቧ ሠራተኛው ለየብቻ ከሆኑ ደግሞ ቧንቧው በፓምፕ ሳይፈተሽ ግድግዳው እንዳይሸፈን።