ፓራኖይድን በጊታር እንዴት ተማርኩት

የእንግሊዙ የሜታል ባንድ የብላክ ሳባዝ ዘፈን «ፓራኖይድ» ሦስት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ጊታር የጀመረ ሰው ሁሉ መግቢያውን ይሞክራል፣ ይይዘዋል፣ ከዚያ «ይሄንን ዘፈን እችለዋለሁ» ይላል። ከመግቢያው በኋላ ግን ገና ሙሉ ዘፈን ይቀረዋል።

እኔ ጊታር የለመድኩት በአማርኛ ዘፈኖች ስለሆነ ግራ እጄ ብዙም አልተቸገረም። መግቢያው 12ኛው ፍሬት (በጊታሩ አንገት ላይ ያለው የብረት መስመር) አካባቢ ነው፣ ኖታዎቹም ኢ ማይነር ፔንታቶኒክ ከሚባለው ባለ አምስት ኖታ ቅኝት ይወጣሉ፤ ኢ፣ ጂ፣ ኤ፣ ቢ፣ ዲ። ባቲ ማይነር የለመደ ጣት እዚህ አይጠፋበትም፣ ያው አምስቱ ኖታ ነው። አንዱን ኖታ በፒክ (በመምቻዋ ትንሽ ፕላስቲክ) ትመታለህ፣ ቀጣዩን በግራ ጣትህ ክሩን ጫን በማድረግ ብቻ ታወጣዋለህ። ቶሎ ገባኝ።

ጣጣው የመጣው ዘፋኙ አፉን ሲከፍት ነው። ጊታሩ እዚያ ጋ አንድ ኮርድ (አንድ ላይ የሚመቱ ኖታዎች) ይዞ ይሮጣል፣ በደቂቃ ከ160 ምት በላይ፣ በያንዳንዱ ምት ላይ ሁለቴ እየመታ፣ የቀኝ መዳፍህ ጠርዝ ክሮቹን አፍኖ እንደያዘ፣ ትንፋሽ የምትወስድበት ቦታ ሳይኖር። ገና የመጀመሪያው ግጥም ሳያልቅ ክንዴ ድርቅ ይላል። ከበሮ የሚመታው ጓደኛዬ ደግሞ «ኧረ ቀስ በል፣ ማን እያባረረህ ነው!» ይለኛል። ሲደክመኝ እፈጥናለሁ፣ ስፈጥን የባሰ ይደክመኛል።

መፍትሔው አሰልቺ ነበር። ምት የሚቆጥረውን ሜትሮኖም 100 ላይ አደረግኩና ያችን አንድ ኮርድ ብቻ መታሁ። ሌላ ምንም የለም። ትከሻዬ ዘና ማለቱን ሳረጋግጥ ትንሽ ከፍ፣ እንደገና ትንሽ ከፍ። ፒኩ ከጣቶቼ መሃል ጫፉ ብቻ እንዲወጣ አሳጠርኩት፣ እንቅስቃሴውም ከክርን ይልቅ ከእጅ አንጓ እንዲመጣ ለመድኩ። ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን ዲስቶርሽኑን፣ ማለትም የጊታሩን ድምፅ የሚያሻክረውን ነገር፣ ስቀንስ ነው። ዲስቶርሽን ሲበዛ ሁሉም ነገር ወፍራምና ጥሩ ይመስላል፣ ያልተስተካከለ ምት አይሰማህም። የመጀመሪያውን ቅጂ ልብ ብላችሁ ብትሰሙት ጊታሩ ከምታስቡት በላይ ንጹሕ ነው። የዘንድሮ ልጆች ሜታል ሲባል ማሽኑን እስከ ጥግ መክፈት ይመስላቸዋል።

ስለ ባንዱ ጊታሪስት ቶኒ አዮሚ ያነበብኩትም ረድቶኛል። ሰውየው በርሚንግሃም ውስጥ ብረታ ብረት ፋብሪካ ይሠራ ነበር። በ17 ዓመቱ፣ ሥራውን ሊለቅ በመጨረሻው ቀን፣ ማሽን የቀኝ እጁን የሁለት ጣቶች ጫፍ ቆረጠው። ግራኝ ስለሆነ ክር የሚይዝበት እጁ ያው ቀኙ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ጊታሩን ይሸጠዋል። እሱ የፈሳሽ ሳሙና ፕላስቲክ አቅልጦ የጣት ቆብ ሠራ፣ ላዩን ቆዳ አለበሰው፣ እንዳያሳምመውም ቀጫጭን ክር ፈልጎ ገጠመ። ኮርዶቹንም ወደ ሁለት ሦስት ኖታ አሳጠራቸው። ይሄንን ካነበብኩ በኋላ «ወፍራም ክር የወንድ ነው» የሚለውን የጊታር ሰዎች ወሬ ትቼ ቀጭን ገዛሁ። እጄ ወዲያው ቀለለው።

ዘፈኑ ራሱ የተወለደው በጥድፊያ ነው። በፈረንጆቹ 1970 ላይ ለንደን ስቱዲዮ ውስጥ ሁለተኛ አልበማቸውን ሲቀዱ ርዝመቱ አነሳቸው። አዮሚ ዜማውን ወዲያው አመጣው፣ ቤዝ የሚጫወተው ጊዘር በትለር ግጥሙን ጻፈ፣ ዘፋኙ ኦዚ ኦዝቦርን ከወረቀት እያነበበ ዘፈነው። ለክፍተት መሙያ የተሠራው ዘፈን የእንግሊዝ ሠንጠረዥ ላይ 4ኛ ወጣ፣ የአልበሙም ስም ሆነ። በኔ ግምት ዕድሜ የሰጠው ይሄው ጥድፊያ ነው። ለማስዋብ ጊዜ ስላልነበራቸው ትርፍ ነገር የለበትም። ከነሱ ዘፈኖች ምርጡ ነው ወይ ካላችሁኝ አይደለም፣ «ዋር ፒግስ» ይበልጠዋል። ግን «ዋር ፒግስ»ን ጀማሪ ልጅ ክፍሉ ውስጥ ቁጭ ብሎ አይወጣውም። ይሄኛውን ግን በየትውልዱ አዲስ ልጅ ያነሳዋል፣ ይጫወተዋል፣ ለጓደኛው ያሳየዋል።

ሐምሌ 5 ቀን 2025 በፈረንጆቹ፣ አራቱ የባንዱ አባላት ባደጉበት በበርሚንግሃም፣ ቪላ ፓርክ ስታዲየም ውስጥ ለመጨረሻ ጊዜ ሲጫወቱ የዘጉትም በዚሁ ነው። ኦዚ የፓርኪንሰን በሽታ ስለነበረበት ወንበር ላይ ተቀምጦ ዘፈነ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ በ76 ዓመቱ ዐረፈ። ያንን ቪዲዮ ሳይ ዐይኔ አዮሚ ቀኝ እጅ ላይ ነበር፣ ከሃምሳ ዓመት በላይ የተጫወተውን አሁንም አንዲት ኖታ ሳይዘል።

እኛም የጓደኛችን ልደት ላይ ሞከርነው። ትዝታ፣ ጥቂት የድሮ ዘፈኖች፣ ከዚያ ሳናስጠነቅቅ ፓራኖይድ። ከፍጥነቱ በታች እንዳንወርድ ፈርተን ነበር፣ ግን ያዝነው። ሶሎው ላይ የራሴን ነገር ትንሽ ጨመርኩ፣ እሱን ተዉት። ሜታል የሚባል ነገር ሰምተው የማያውቁት የጓደኛዬ እናት እያጨበጨቡ «ልጄ፣ ይሄ እኮ ጉራጊኛ ነው!» አሉኝ። ፍጥነቱን ከሰማችሁት አልተሳሳቱም። ትከሻቸውም ጀምሮ ነበር።

አሁን «ዋር ፒግስ» ላይ ነን። ስምንት ደቂቃ ሊሞላ ምንም አይቀረው፣ መሃል ላይ ደግሞ ፍጥነቱ ይቀያየራል፣ ከበሮ መቺያችንም ከወዲሁ ክፍያ ጠይቋል።