የኮምቦልቻ ልጆች ሸወዱን

ዛሬ ደሴ ፒያሳ ከኮምቦልቻ ልጆች ጋር ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ስንጫወት ዋልን። በፈረንጆቹ 1974 አሜሪካ ውስጥ የወጣ፣ እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባሕርይ ሆኖ በምናብ ታሪክ ውስጥ የሚገባበት ጨዋታ ነው። ሁለት ቡድን፣ አንድ ዓለም፣ አንድ የተቀበረ ሀብት። ታሪኩን የሚመራው አጫዋች መሃል ተቀምጦ የሁለታችንንም ምስጢር በብጣሽ ወረቀት ይቀበላል።

የእነሱ ሌባ ገጸ ባሕርይ የሐሰት ካርታ ሸጠችልን። የእኛ አስማተኛ ጠረጠረና ባለ 20 ገጹን ዳይስ ወረወረ። 4 ብቻ ወጣ! ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ ውሸቷን አልደረሰበትም፤ አመንናት። እኛ ባዶ ዋሻ ስንቆፍር እነሱ ወርቁን ጭነው ሄዱ። በጣም ተናደድን፤ ግን እንዴት ደስ ይላል!

አንድ ነገር ላይ ግን ድርቅ እላለሁ። ገጸ ባሕርይው እንዳሻው ይዋሽ፤ ተጫዋቹ ግን የዳይሱን ቁጥር እንዳይዋሽ። የእኛ አጫዋች ሁሉንም በግልጽ ጠረጴዛው ላይ ያስወረውራል። ለዚህ በጣም አከብረዋለሁ።

ቅዳሜ ደግሞ እኛ ኮምቦልቻ እንወርዳለን። ዕቅዳችን ተዘጋጅቷል።