ሮዝ ክር

ላብራቶሪ ሥራ በጀመርኩ በስድስተኛ ወሬ የአንዲት እናት ሽንት መጣልኝ። ግራም ስቴይን (ጀርሞችን በቀለም የመለያ ዘዴ) ሠርቼ፣ ዘይት ጠብ አድርጌ በ100 ሌንስ ሳይ ደነገጥኩ። የጠበቅኩት አጫጭር ዘንግ የሚመስል ባክቴሪያ ነበር። ያየሁት ግን እንደተፈታ ልቃቂት የተጠላለፈ ረጅም ክር ነው። ፎርሙ ላይ «ፈንገስ» ብዬ ጻፍኩ። እውነቱን ለመናገር ጉራ ቢጤም ተሰምቶኛል።

አለቃችን ከመፈረሙ በፊት ስላይዱን አየው።

«ቀለሙ ምንድነው?»

«ሮዝ።»

«ፈንገስስ በግራም ምን ይሆናል?»

ሐምራዊ! አውቀዋለሁ እኮ፤ ፈተና ላይም መልሼዋለሁ። ቅርጹ ዓይኔን ስለሳበው ቀለሙን ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም።

«ሂድ፣ መድኃኒት ወስደው እንደሆነ ጠይቃቸው።»

እማማ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠዋል። «ኧረ ምንም አልወሰድኩም ልጄ» አሉ። ትንሽ ቆይተው የነጠላቸውን ጫፍ ፈቱ። «ይቺን ጎረቤቴ ሰጥታኝ፣ ሲያመኝ አንዳንድ ፍሬ እውጣለሁ እንጂ።» ሴፋሌክሲን የተባለ አንቲባዮቲክ ነበር።

አለቃችን ሲሰማ ሳቀ። «ሸማኔው እየሸመነ ነው፤ ቆራጩን ግን አስረውታል» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኢ ኮላይ የሚባለው ዘንግ መሰል ባክቴሪያ ቅርጹን የሚይዘው በግድግዳው ነው። ግድግዳው ፔፕቲዶግላይካን ይባላል፤ የስኳር ሰንሰለቶች በአጫጭር የአሚኖ አሲድ ማያያዣዎች የተጠላለፉበት መረብ ነው። ዘንጉ ሲያድግ አንደኛው የፕሮቲን ቡድን ጎኑን ያስረዝማል። ሌላው መሐል ላይ አዲስ ግድግዳ እየሠራ ለሁለት ይከፍለዋል። ሴፋሌክሲን በዋናነት የሚይዘው ይህን የመሐሉን ሠራተኛ ነው። (ስለዚህ የአለቃችን ምሳሌ ትንሽ ያነክሳል፤ ይሄኛው ቆራጭ እየቆረጠ ግድግዳም መገንባት አለበት።) መድኃኒቱ በዝቶ ካልገደለው፣ ባክቴሪያው ሳይከፈል መርዘሙን ይቀጥላል። በወትሮው 2 ማይክሮሜትር ገደማ የሆነው ፍጡር ክር ይሆናል። እማማ ደግሞ በአንዳንድ ፍሬ ብቻ ሲነካኩት ነው የከረሙት።

ፎርሙን ቀድጄ ሽንቱን ማኮንኪ በሚባለው የባክቴሪያ ማብቀያ ላይ ዘራሁት። በማግስቱ ሮዝ ኮሎኒ (የባክቴሪያ ክምችት) አበቀለ፤ ኢ ኮላይ ሆኖ ወጣ። ከኮሎኒው ነክቼ እንደገና ቀለም ሰጠሁት። አንድም ክር የለም! መድኃኒቱ ከሌለበት ቦታ ሲያድር፣ ያ ሁሉ ልቃቂት መደበኛ አጭር ዘንግ ሆኗል።

እማማ ውጤታቸውን ሊወስዱ ሲመጡ የቀረችውን ፍሬ በእጃቸው ይዘዋል።

«እንግዲህ ለእኔ ካልሆነች ለባለቤቷ ልመልስላት?»